የፒያሳው ሰገነት ባለቤት ማን ነው? መንግሥት ቅርስን የሚጠብቅበት መንገድ እና የሚላላበት ቦታ

በፒያሳ ዙሪያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት አለ። የታችኛው ክፍሉ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን የላይኛው በእንጨትና በጭቃ የቆመ ነው፤ ዙሪያውን የሚዞረው የእንጨት ሰገነት ጠርዙ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ ያጌጠ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞኝ እዚያ ግቢ ተጠልዬ ነበር። ሰገነቱ ላይ ሦስት ባልዲዎች በተርታ ተቀምጠው በቆርቆሮው ሽንቁር የሚወርደውን ውኃ ይቀበላሉ፤ በወዲያኛው ጥግ ሽንኩርት ይቁላላል። ነዋሪዎቹ እንዳጫወቱኝ ቤቱ ቅርስ ስለሆነ እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል፤ የሚያድሰው ግን አልመጣም። በዚህ መካከል አንደኛው ተከራይ ትዕግሥቱ አልቆ የራሱን ክፍል ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖታል። ልስኑ ዛሬ አብጦ ከግድግዳው ተላቋል፤ በጣት ቆርቆር ሲያደርጉት የባዶ ነገር ድምፅ ያሰማል።

መንግሥት የአገርን ቅርስ እንዴት እንደሚጠብቅ ለመረዳት ከዚህ ቤት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ብዙዎቻችን ቅርስ ጥበቃ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣልን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዘውድ ወይም በአጥር የተከበበ ሐውልት ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ጥበቃ ከዘበኛና ከቁልፍ በፊት የሚጀምር ነገር ነው። አንድ ነገር ቅርስ መሆኑ ይለያል፣ ይመዘገባል፣ ባለቤቱና ኃላፊነቱ ይታወቃል፣ ሊነካ ሲሆን ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ወጪውን የሚሸፍን ይገኝለታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ብቻቸውን አይቆሙም።

ከላይ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ታሪካዊና ባህላዊ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ በአንቀጽ 91 ደግሞ ይህ ግዴታ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጎችም መሆኑን ይናገራል። ይህን መርሕ ወደ ሥራ የሚያወርደው ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤትም ለረጅም ጊዜ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ የሚጠራው ነው። አዋጁ ቅርስን በሁለት ይከፍላል፦ ግዙፍነት ያለው፣ ማለትም በእጅ የሚዳሰስና በዓይን የሚታይ፣ እና ግዙፍነት የሌለው፣ ማለትም ሥርዓቱ፣ ዜማው፣ ትውፊቱና የእጅ ሙያው። የሚዳሰሰውም እንደገና የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ተብሎ ይለያል። ይህ ክፍፍል ለቢሮ ሥራ የተበጀ ቢመስልም የየአንዳንዱ ጠላት የተለያየ በመሆኑ ጠቃሚ ነው፤ ብራናን የሚያጠፋው ሌባ ነው፣ ቤትን የሚያጠፋው ዝናብና ግሬደር ነው፣ ሥርዓትን የሚያጠፋው ደግሞ ቦታ ማጣትና ተተኪ ማጣት ነው።

የሁሉም መሠረት ምዝገባ ነው። አዋጁ ቅርስ በእጁ የሚገኝ ማንኛውም ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል። ምዝገባ ማለት የነገሩን ስም፣ የተሠራበትን ቁስ፣ መጠኑን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ ታሪኩንና መለያ ምልክቶቹን በጽሑፍና በፎቶግራፍ መያዝ ነው። ነገሩ የወረቀት ሥራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ያልተመዘገበ መስቀል ቢሰረቅ፣ የሌላ አገር ፖሊስ «የእናንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ» ሲል የሚቀርብለት አንዳች ነገር የለም፤ ያልተመዘገበ ቤትም የማፍረሻ ትእዛዝ ሲመጣበት ከማንኛውም አሮጌ ቤት የሚለየው ነገር የለም።

ታዲያ ሰው ለምን አያስመዘግብም? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ምክንያት አለ ብዬ አምናለሁ። ሕጉ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል፤ ማስመዝገብ ንብረትን አያስወርስም። ነገር ግን በአዲስ አበባ መሐል ያደጉ ቤተሰቦች ትዝታ ከአዋጁ ይረዝማል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት መጥቶ ቤትህን ልመዝግብ ሲል፣ የሰውየው የመጀመሪያ ሐሳብ «ጠበቁልኝ» ሳይሆን «ሊወስዱብኝ ነው» ቢሆን አይፈረድበትም። አባታቸው ያወረሷቸውን የብራና መጽሐፍ በሣጥን ሥር ሸፍነው የሚያኖሩ ሰዎችም ስሜታቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይኸው የ1967 አዋጅ የፒያሳውን ሰገነት ዕጣ የወሰነ ነው። በአራዳና በአካባቢው መሳፍንቱ፣ መኳንንቱ እንዲሁም አርመኖቹ፣ ህንዶቹና ግሪኮቹ ነጋዴዎች ካሠሯቸው ቤቶች ብዙዎቹ ያን ጊዜ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት በጣውላና በኮምፐልሳቶ እየተከፋፈለ ለብዙ አባወራዎች ተሰጠ። የሚከፈለው ኪራይ አነስተኛ ነው፤ ለነዋሪው እፎይታ ነው፣ ለቆርቆሮ መቀየሪያ ግን አይበቃም። አሁን ወደ ቅርስ አዋጁ እንመለስ፦ ሕጉ ቅርስን በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታን የሚጥለው በባለቤቱ ላይ ነው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። የቀበሌ ቤት ባለቤት ግን ራሱ መንግሥት ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው መንግሥት፣ መጠበቁን የሚቆጣጠረው መንግሥት፣ ባልጠበቀም ጊዜ ተጠያቂው መንግሥት ይሆናል። ተከራዩ ቤቱን ቢያድስ የራሱ ባልሆነ ንብረት ላይ ገንዘቡን ማፍሰሱ ነው፤ ከዚያም ያለ ፈቃድ ቅርስ ነካህ ሊባል ይችላል። ባልዲዎቹን ሰገነቱ ላይ ያስደረደረው ከነዋሪዎቹ ግዴለሽነት ይልቅ ይህ የኃላፊነት መደራረብ ይመስለኛል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? ሰው ቤቱን ለማደስ ለምን ቢሮ ይመላለሳል? ያ ያበጠ ልስን መልሱን ይዟል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል፤ በዝናብ ወራት የጠጣውን በበጋ ይተፋዋል። ቀደም ሲል በላዩ ይለሰን የነበረው ኖራም እርጥበትን የማያፍን ነው። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ዝግ ነው። ከመሠረቱ የወጣውና በጣሪያው የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ በልስኑና በጭቃው መካከል ይጠራቀማል፤ ጭቃው ይላላል፣ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው አዲስ ነው፤ ከውስጥ ግን እያለቀ ነው። አዋጁ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ የሚያዘው፣ በቅንነት የተደረገ እድሳት ከቸልተኝነት የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ነው። ችግሩ ፈቃዱን የሚጠይቅ ሰው ከኖራ አዋቂ ጋር የሚያገናኘው አለማግኘቱ ነው። ክልከላው በየሰፈሩ ደርሷል፤ ባለሙያው ግን አልደረሰም።

የማይንቀሳቀስ ቅርስ ሌላው ፈተና ማን የትኛውን ይጠብቅ የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በአገር አቀፍና በክልል ደረጃ ይመድባል፤ የአገር አቀፎቹ በፌዴራል፣ ሌሎቹ በየክልሉ ይተዳደራሉ። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የያዘው የከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። በዚያው ከተማ አስተዳደር ሥር ግን መሬት የሚያስተዳድረው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና መልሶ ማልማትን የሚመራውም ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በየመገናኛ ብዙኃኑም የትኛው ቅርስ ነበር፣ የትኛው አልነበረም የሚል ሙግት ተነሥቷል። ስለ ልማቱ ጥሩነት ወይም መጥፎነት መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ሙግቱ የተነሣው ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ መሆኑ ብቻውን አንድ ነገር ይነግረናል፤ የመዝገቡ ነገር አስቀድሞ፣ ካርታ ላይ ተሠምሮ፣ ማንም ሊያየው በሚችል መልኩ ቢያልቅ ኖሮ የሚያከራክረው ጥቂት ነበር። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድን አካባቢ በሙሉ የተከለለ ስፍራ ብሎ ሊሰይም ይችላል። ይህ አንድን ቤት ብቻውን ከማዳን ይልቅ መንደሩን ከነመንገዱና ከነመልኩ ለማዳን የሚያስችል ነው፤ ሰገነት ያለው ቤት በሁለት የመስታወት ፎቆች መካከል ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመስል ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አደጋም አለ። በጥር 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ተቃጥሎ ከፊሉ ወድሟል። የእንጨት ሕንፃ፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመርና ጠባብ መንገድ በአንድ ላይ ሲገኙ እሳት ሩቅ አይደለም፤ የአብዛኞቹ የአራዳ ቅርስ ቤቶች ሁኔታም ይኸው ነው። የቅርስ ጥበቃ በጀት ሲታሰብ የእሳት ማጥፊያና የመስመር ቅያሬ ከሐውልት ማጽዳት በፊት ሊታሰቡ ይገባል።

የሚንቀሳቀሰው ቅርስ መልኩ ሌላ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ የባህል ዕቃ መሸጫዎች ይገኛሉ፤ መስቀሎች፣ የብራና ሥዕሎች፣ ክታቦች፣ የቀንድ ዋንጫዎች። አብዛኛው አዲስ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱም አዲስ ሆኖ ሳለ በጢስና በቅባት ያረጀ እንዲመስል የተደረገ ነው። ከመካከላቸው ግን እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ሊኖር ስለሚችል፣ ከአገር የሚወጣ ሰው የያዘው ዕቃ ቅርስ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠየቃል። አዋጁ ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ቅርስ ከአገር የሚወጣውም ለጊዜው፣ ለሳይንሳዊ ጥናት ወይም ለባህል ልውውጥ፣ በሚመለከተው ሚኒስትር ፈቃድ ብቻ ነው። ድንቅነሽ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የቆየችው በዚህ በር አልፋ ነው፤ ያን ጊዜም ጉዞው አጥንቶቹን ለአደጋ ያጋልጣል ያሉ ተመራማሪዎች ጥቂት አልነበሩም። አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተመልካች የሚያየው ቅጂዋን ሲሆን፣ ዋናዎቹ አጥንቶች በካዝና ይጠበቃሉ፤ ይህን ሰምቶ ቅር የሚለው ጎብኚ አይጠፋም፣ ጥበቃ ግን አንዳንድ ጊዜ ይህን ይመስላል።

የሚንቀሳቀሰው ቅርስ አብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዕቃ ቤቶች ነው። እዚያ ጠባቂው ካህኑ፣ ዘበኛውና የደብሩ ምእመን ናቸው፤ መንግሥት ከጎን የሚቆም ረዳት ነው። ይህ ጥበቃ ምን ያህል እንደሚሠራም፣ ሲሰበርም ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ አለ። በትግራይ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውድ፣ ሮተርዳም በሚኖሩ ሲራክ አስፋው በተባሉ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆይቶ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። አቶ ሲራክ ዘውዱን በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አግኝተው፣ በደኅና እጅ እስኪገባ ድረስ አሳልፎ አልሰጥም ብለው ያቆዩት ናቸው። ዘውዱ የጨለቆት መሆኑን ለማረጋገጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ ቀደም ሲል አንድ ካህን ዘውዱን ጭነው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። አንድ ፎቶግራፍ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀልም ቤልጂየም በሚገኝ ነጋዴ እጅ ተገኝቶ ሊመለስ የቻለው ማንነቱ ዓለም ያወቀው በመሆኑ ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ነገር ሲነሣ «ወረቀት» ብሎ የሚያጣጥል ሰው እነዚህን ሁለቱን ያስብ።

ከረጅም ዘመን በፊት የተወሰደው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት የባህል ንብረትን ሕገ ወጥ ዝውውር የሚከለክል ቢሆንም ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈው ብራና፣ መስቀልና ታቦት በዚህ ስምምነት አይጠየቅም። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ለማንም እንዳይታዩ ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሰዎች እንኳ አያዩአቸውም። የማይመለሱት ግን እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ንብረት አሳልፎ መስጠትን ስለሚገድብ ነው ይባላል። ላለማሳየት የሚይዙትን ነገር ላለመመለስ መከራከራቸው ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅርስ የሚቀረው መንገድ ዲፕሎማሲ፣ የሕዝብ ግፊትና ትዕግሥት ነው። የአክሱም ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወሰደ፤ ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፈችውን እንድትመልስ ግዴታ ገባች፤ ሐውልቱ ግን ወደ አክሱም የተመለሰው በሚያዝያ 1997፣ ተመልሶ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የተፈረመ ውል በእጅ ይዞም ይህን ያህል ዘመን ፈጅቷል።

ዩኔስኮ ሲነሣ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። አንድ ቦታ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ዩኔስኮ ወታደር አይልክለትም፣ ጣሪያውንም አያድስለትም። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ የመጠበቁ ግዴታ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ ቀርቷል። መዝገቡ የሚያደርገው ክትትል፣ ምክርና ማስጠንቀቂያ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ የወጣው በዚሁ ጫና ውስጥ ነው።

ግዙፍነት የሌለው ቅርስ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ምን ያድርግ? ጥምቀትን በካዝና መቆለፍ አይቻልም። ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ የሰንበት ተማሪዎቹና ሕዝቡ ናቸው ጠባቂዎቹ፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መመዝገቡም ይህን አይለውጠውም። ከመንግሥት የሚጠበቀው ቦታውን መጠበቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መጨናነቅን ለመቀነስ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ውሳኔው ለጤና የታሰበ ነበር፤ ሆኖም ወራት እየረዘሙ ሜዳው በጎመን ቅጠልና በበሰበሰ ቲማቲም ተሸፈነ፣ የጭነት መኪናዎች መሬቱን አቦኩት። ጥር 2013 ዓ.ም. ሲቃረብ ታቦታቱ የት ያድራሉ የሚለው የከተማው ጭንቀት ሆነ፤ ገበያው ተነሣ፣ ሕዝቡም አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ ሜዳውን አጸዳ። በጃንሜዳ ላይ ሙዚየም የለም፣ ሐውልት የለም፤ ባዶ ሜዳ ነው። ያ ባዶነቱ ግን ራሱ የቅርሱ አካል ነው፤ በከተማው መሐል ላለ ለእንዲህ ያለ ሰፊ መሬት ሌላ ጥቅም የሚያስብለት ሰው ሁልጊዜ ስለሚኖር፣ ጥበቃው ባዶ አድርጎ ማቆየት ነው።

ለአንባቢ የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በቤትዎ ከአያትዎ የቀረ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ጋሻ ወይም አሮጌ ሰነድ ካለ፣ ማስመዝገብ ከእጅዎ አያስወጣውም። ዕቃው ቤትዎ ይቀመጣል፤ ባለቤትነቱም የእርስዎ ነው። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ሲፈልጉ ማሳወቅ፣ ሲያድሱ ማስፈቀድ ይጠበቅብዎታል። ቤት ሲሠሩ ወይም ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አሮጌ ነገር ቢያገኙም እንዳለ ጠብቀው እንዲያስታውቁ ሕጉ ያዛል። ለማስመዝገብ ገና ካልቆረጡ እንኳ፣ ዕቃውን በቀን ብርሃን፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው፣ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ያንሡት፤ የተሰነጠቀውን፣ የተጠገነውን፣ የተጻፈበትን ስም ለይተው ያንሡ። ብራና ከሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አይርሱ፤ የባለቤቱ ስምና የውርሱ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።